ለእኔስ ምን አለ?

የሀዘን መግለጫ መጻፍ የእንጀራ ገመዴ ነው። ነቀምት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ክፍል ከተቀጠርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ኮምፒውተሬ ላይ «ሀዘን» የሚል ፋይል አለ። አንዲት ገጽ ናት፤ የሚቀየረው ቀኑ፣ ቦታውና የሟቾቹ ቁጥር ብቻ ነው። አለቆቻችን በየመግለጫው የሚሰማቸው ሀዘን ሁልጊዜ «ጥልቅ» ነው፤ ጥልቅ ያልሆነበትን ቀን አላስታውስም። በዚያች ገጽ ላይ ሰው አይሞትም፤ «ሕይወቱ ያልፋል»። አንድ ጊዜ የቀደመውን አደጋ ቦታ ሳልቀይር አወጣሁትና አንድም ሰው ልብ ሳይለው ቀረ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ማፈርን ያስተማሩኝ ኦቦ ጋሩማ ናቸው። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመድ መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ ሰው ግን ሌላ አይጠራም ነበር። ጠዋት በማለዳ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ይሄዳሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ ይገባሉ። ከሁሉ በፊት «ታኢ» ይላሉ፤ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ከዚያ የሟቹን ስም ይጠራሉ። ከዚያ «ሞተ» ይላሉ። ለምን «አለፈ» ወይም «አረፈ» እንደማይሉ ጠይቄያቸው፣ «አለፈ ካልካት፣ ወዴት አልፎ ይሆን እያለች በር በሩን ታያለች» አሉኝ።

በወጣትነታቸው ደብዳቤ አመላላሽ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ከጦሩ የመጣ ደብዳቤ ይዘው ጉቶ ጊዳ ገጠር ለምትኖር አንዲት እናት ሄዱ። ሴትዮዋ ፖስታውን ስታይ ልጇ የጻፈላት መስሏት ሳመችው። ማንበብ አትችልም፤ አማርኛም አትሰማም። ጋሩማ በሯ ላይ እንደ ቆሙ፣ አንድ ቃል ሳያስቀሩ፣ ወደ ኦሮምኛ እየመለሱ አነበቡላት። ጀግንነት አለ፣ አብዮት አለ፣ መስዋዕትነት አለ፣ ታሪክ የማይረሳው ውለታ አለ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«መንግሥት ያለውን ሰማሁ» አለቻቸው። «ልጄስ? ለእኔስ ምን አለ?»

«የምመልስላት አልነበረኝም» አሉኝ ኦቦ ጋሩማ። «ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። ይኸው አርባ ዓመት፣ አሁንም ከዚያ በር እየሄድኩ ይመስለኛል።»

ከዚያ ወዲህ ባዶ እጃቸውን መርዶ ነግረው አያውቁም። ሰው በሞተ ቀን መጀመሪያ የሚፈልጉት መጨረሻ ያየውን ሰው ነው። ምን አለ? ምን በላ? በምን ሳቀ? አንዲት እውነተኛ ነገር ሳይዙ የሟች ቤት አይገቡም። ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ሲሄድ እሳቸው ይችን ይዘው ይሄዳሉ። ፈልገው ካጡም «አጣሁ» ይላሉ እንጂ አይፈጥሩም።

እንግዲህ የእኔን ጥፋት ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመጋቢት፣ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ከዲጋ ሲመለስ ተገለበጠ። ሹፌሩ ተረፈ፤ የአብስራ የሚባለው የመንገድ ቀያሽ ሞተ። እናቱ እትዬ በዛብሽ ገበያ ውስጥ እህል ይሸጣሉ። ቤተሰባቸው በሰፈራ ከወሎ አንገር ጉቲን የመጣ ነው፤ ከየአብስራ ሌላ ልጅ የላቸውም። ኦቦ ጋሩማ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደው ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። መርዶው ለነገ ማለዳ ተቆርጧል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አፉን ይዟል።

በአሥር ሰዓት አስተዳዳሪያችን ደወሉልኝ። «ቶሎ አውጣው፤ ሌሎች እንዳይቀድሙን» አሉ። እኔም ፋይሌን ከፈትኩ። የሟቹን ስም ከነአባቱ አስገባሁ፣ የአስተዳዳሪውን ፎቶ ከላይ አደረግሁ፣ በኢንተርኔት ገጻችን ላይ ለቀቅሁት። እናቱ ሰምተዋል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ጭካኔ አልነበረም፤ ስንፍናም አልነበረም። ሴትዮዋ ጭራሽ ትዝ አላሉኝም፤ ይሄ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

ገበያ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ስልኳን ዘግታ ወደ እትዬ በዛብሽ መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም። መንግሥት የተናገረውን ቤተሰቡ ሳይሰማ አይቀርም ብላ ነው።

«እግዜር ያጽናሽ በዛብሽ» አለች። «ዛሬ እንዴት ገበያ ወጣሽ?»

«ስለ ምኑ ነው የሚያጽናኝ?» አሉ እትዬ በዛብሽ።

ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ኋላ ስትል አጠገቧ የነበረ ሰው ስልኩን አሳያቸው። እትዬ በዛብሽ የጀመሩትን የሽንብራ ጣሳ ሞሉ፣ በመዳፋቸው ላዩን አስተካከሉ፣ በሴትዮዋ ከረጢት ውስጥ ገለበጡት። ከዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ጩኸታቸው የተሰማው ቆይቶ ነው።

በሦስተኛው ቀን አስተዳዳሪው ካሜራ አስከትለው ለቅሶ መጡ። እኔ የጻፍኩትን ሦስት ገጽ ንግግር ይዘዋል። ድንኳኑ መሀል ቆመው ወረቀቱን ሲዘረጉ ኦቦ ጋሩማ ካግዳሚው ተነሱ።

«እንኳን መጡ። እዚህ ይቀመጡ» አሏቸው።

«ሁለት ደቂቃ ነው፤ ተናግሬ እቀመጣለሁ።»

«ለቅሶ ነው እኮ። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ካሜራ የያዘውም አወረደው። አንድ ሰዓት ለሚሞላ ጊዜ አስተዳዳሪው ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ። በኋላ ኦቦ ጋሩማ ወደ እትዬ በዛብሽ ዞሩ።

«በዛብሽ፣ ቀድሜ ልነግርሽ የነበረውን ልንገርሽ። የአብስራ ዲጋ ላይ መኪናውን አስቁሞ ማንጎ ገዛልሽ። ሹፌሩ፣ ‹ነቀምት ማንጎ ጠፋ?› ቢለው፣ ‹እናቴ የምትወደው የዲጋውን ነው። የሌላ ቦታ ስሰጣት ጣፈጠኝ ብላ ትዋሸኛለች› አለው።»

እትዬ በዛብሽ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ያውቅብኝ ነበር እንዴ?» አሉና እያለቀሱ ሳቁ።

አስተዳዳሪው ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሲወጡ ጎንበስ ብለው፣ «የልጅሽን ሞት በእኔ ገጽ ላይ ስለሰማሽ ይቅር በይኝ» አሏቸው። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በእኔ ፋይል ውስጥ የለም።

ኦቦ ጋሩማ ደጅ ላይ ጠበቁኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «የምትጽፍላቸው አንተ ነህ አሉ። እጅህ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ከእንግዲህ ከመጻፍህ በፊት ከእኔ ጋር ና።» ሄድኩ። ሁለት ዓመት ተኩል በየበሩ ከኋላቸው ቆሜያለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ተራው የእሳቸው ሆነ። ጠዋት ደረታቸውን ያዛቸው፤ ሆስፒታል ገብተው በዘጠኝ ሰዓት ሞቱ። ያላቸው አንድ ልጅ ሌሊሳ ናት፤ አንገር ጉቲን ታስተምራለች። ሕመሙን እንኳ አልሰማችም። መጨረሻ አብራቸው የነበረችውን ነርስ ፈልጌ ሳነጋግራት ስልካቸውን ከግድግዳው ነቅላ ሰጠችኝ። እሷ ያለችኝን ለጊዜው ልያዘው።

አስተዳዳሪው ደወሉ። «ጋሩማን የማያውቅ የለም። መግለጫ ማውጣት አለብን።»

«ልጃቸው አልሰማችም» አልኳቸው።

የዚያ ለቅሶ አግዳሚ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። «ስንት ሰዓት እሷ ጋ ትደርሳለህ?»

«ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ።»

«ነግሬያታለሁ ብለህ እስክትደውልልኝ ከእኛ አንድ ቃል አይወጣም» አሉ።

ማን አብሮኝ እንደሚሄድ ሳስብ እትዬ በዛብሽ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። «መንገዱን አውቀዋለሁ። ባላውቀውም እሄዳለሁ» አሉ። ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት የኦቦ ጋሩማ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። «ሌሊሳ» ይላል። ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ሦስቱንም ጊዜ እያየሁት አላነሳሁትም። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም።

ሳይነጋ ተነሳን። በሩን ስናንኳኳ ሌሊሳ የተማሪዎቿን ደብተር ታቅፋ ልትወጣ ነበር። እኔን አየች፤ እትዬ በዛብሽን አየች። የመርዶ ነጋሪ ልጅ ናት፤ በማለዳ በር ላይ የቆመ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ከልጅነቷ ታውቃለች።

«አባዬ ነው የላካችሁ?» አለች። የሌላ ሰው መርዶ እንዲሆንላት ፈልጋ ነው።

የዘጠኝ ዓመት ቃሎቼ ሁሉ አፌ ላይ መጡ፤ ጥልቁም፣ መሪሩም፣ መጽናናቱም። ዋጥኳቸው።

«ሌሊሳ፣ ታኢ» አልኳት። «አባትሽ ጋሩማ ሞቱ። ትናንት በዘጠኝ ሰዓት።»

ደብተሮቹ ተበተኑ። እትዬ በዛብሽ ደረታቸው ላይ ያዟት፤ አንድም የማጽናኛ ቃል አልተናገሩም፣ ያዟት ብቻ። ፀሐይዋ ከደጁ እስክትገባ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ለእኔስ ምን አለ?»

«ነርሷን፣ ‹ስልኬን ቻርጅ አድርጊልኝ› አሏት። ‹ማታ በአሥራ ሁለት ልጄ ትደውላለች፤ ባትሪ ጨርሶ እንዳታጣኝ› አሉ።»

ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ሦስት ያልተነሳ ጥሪ ነበረበት። ባትሪው ሙሉ ነበር።