ያልተጻፈው አንድ ሰዓት

በቀዶ ሕክምና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችውን ነርስ በሙሉ ስሟ የሚያውቃት ሰው ቢፈለግ ምናልባት መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ ብቻ ይገኛል። ለሌላው ሁሉ "ሲስተር አንድ ደቂቃ" ነች። ስሙን ያወጡላት በየዓመቱ የሚመደቡት አዳዲስ ሐኪሞች ናቸው።

ትናንት የተመረቀ፣ የነጭ ጋዋኑ እጥፋት ገና ያልተፈታ ወጣት መዝገብ ታቅፎ ሲገባ ከአንድ አልጋ አጠገብ ታቆመዋለች። "መዝገቡን ተወው፤ መጀመሪያ እጁን ያዝ" ትለዋለች። ወጣቱ የበሽተኛውን የልብ ምት ዐሥራ አምስት ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ሊያባዛ ሲል ግን ጣቷን ወደ ግድግዳው ሰዓት ትቀስራለች። "አንድ ደቂቃ ሙሉ! ምን አስቸኮለህ፣ አውቶቡስ ያመልጥሃል?" በሽተኞቹ ይስቃሉ። ወጣቱ እየቀፈፈውም ቢሆን ቆሞ ይቆጥራል፤ በዚያች ደቂቃም የበሽተኛው እጅ መቀዝቀዙን፣ ትንፋሹ ማጠሩን፣ ዐይኑ ውስጥ ያለውን ፍርሃት ሳይወድ በግዱ ያያል።

ሌላም ሌላም ምክር ነበራት። "የልብ ምት ቀድሞ ይናገራል፤ የደም ግፊት አፉን የሚከፍተው ከረፈደ በኋላ ነው።" "ያልጻፍከው ነገር አልተደረገም።" "ነርሷ እንዲህ አለችኝ ብለህ አትጻፍ፤ የሚጠየቀው የፈረመ ነው።" ከሁሉም አስበልጣ የምትደጋግመው ግን አንዱን ነው፦ "ከተጠራጠርክ ለበላይህ ደውል። ስድብ ሰው አይገድልም።"

ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ የሆነው ቀዶ ሐኪም ራሱ ከሃያ ዓመት በፊት እዚያው አልጋ አጠገብ ቆሞ አንድ ደቂቃ ቆጥሯል። አሁን ነጎድጓድ ይሉታል። የሚደውልለትን አዲስ ሐኪም በስድብ አጥቦ ያሰጣዋል። ቢላ ሲይዝ ግን እጁ የተባረከ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሙያው ባያምር ኖሮ ማን ይታገሠው ነበር?

በዚያ ዓመት ከተመደቡት መካከል አንዲት የሾፌር ልጅ ነበረች። አጭር ስለሆነች በሽተኞቹ "ትንሿ ዶክተር" ይሏታል። እሷ ማንም ሳያዛት የግድግዳውን ሰዓት እያየች ነበር የምትቆጥረው። ሲስተር አንድ ደቂቃ ልጅ አልወለደችም፤ ይህችን ልጅ ያለ ልክ ወደደቻት። ለማንም አልተናገረችም እንጂ፣ እቤቷ ምሳ ስትቋጥር ሁለት ዕቃ መያዝ ጀምራ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ነጎድጓድ ትንሿን ዶክተር በሽተኞች ፊት አዋረዳት። ያጠፋችው ነገር ቢኖር በዋዜማው ስለ አንድ በሽተኛ ለእሱ መደወሏ ነው። "ይቺን ለመጠየቅ ነው ስልክ የምትደውዪልኝ? ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ነበር?" አላት። ኋላ ሲስተር አንሶላ ልታወጣ ዕቃ ቤት ስትገባ፣ ልጅቷ የታጠፈ ብርድ ልብስ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ስታለቅስ አገኘቻት። የኋላው መዘዝ ሁሉ የመጣው ከዚያች ዕቃ ቤት ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። አራተኛው አልጋ ላይ ከሁለት ቀን በፊት አንጀቱ ታንቆ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አናጢ ተኝቷል። ሰውየው ሲበዛ ተጫዋች ነው፤ "ይሄ አልጋ ይወዛወዛል፤ መዶሻ ብታቀብሉኝ እናንተ እኔን ስትጠግኑ እኔ እሱን እጠግን ነበር" እያለ ክፍሉን ያስቅ ነበር። ቅዳሜ ግን ዝም አለ። ሚስቱ "ዛሬ ምን ነካው?" እያለች ፊቱን ታየዋለች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትንሿ ዶክተር እጁን ይዛ ቆጠረች። መቶ ሃያ ሁለት። የልብ ምቱ ከልክ በላይ ፈጥኗል፤ ሆዱም ሲነካ ጠጥሯል። የደም ግፊቱ ደህና ነው። ቀጥ ብላ ወደ ስልኩ ሄደች።

"ሲስተር፣ ልደውልለት ነው። ውስጥ ያለው ስፌት የለቀቀ ይመስለኛል።"

ሲስተር ስልኩን ያነሳችውን ልጅ አየቻት። ብርድ ልብሱ ትዝ አላት።

"ትንሽ ቆዪ፣ ልጄ" አለቻት። "ግፊቱ ደህና ነው። ፈሳሽ እንስጠውና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንየው። ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል። አሁን ብትደውዪ ያ ሰውዬ በቁምሽ ይበላሻል።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እኔ አለሁ አይደል?"

ልጅቷ ስልኩን አስቀመጠች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "ደውሉ" ስትል የኖረች ሴት "አትደውዪ" አለች፤ ያለችውም ከፍቅር ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ እኮ ልጅቷም ትጠረጥር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና ሦስት ቁስለኛ አመጣባቸው። አንዱ ሰዓት ሁለት ሆነ። ዐሥር ሰዓት ላይ የአናጢው ሚስት እየሮጠች መጣች። "እህቴ፣ ላብ አጠመቀው! ሲጠሩት አይሰማም!" ያኔ የደም ግፊቱም ወርዶ አፉን ከፍቶ ነበር። ነጎድጓድ ተደወለለት፤ እውነቱን ለመናገር ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደረሰ። የአናጢው ሕይወት ግን ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ አለፈ። ሚስቱ ጫማውን በፌስታል ይዛ ቀረች። "ሲወጣ ያደርገዋል ብዬ ጠርጌው ነበር" ትላለች፣ ላገኘችው ሁሉ።

ሐሙስ ጠዋት የሞቱ ምክንያት የሚመረመርበት ስብሰባ ተጠራ። ሲስተር ለአራት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። የአናጢውን ነፍስ መመለስ አትችልም፤ የልጅቷን እንጀራ ግን ታድን ይሆናል። የልምምድ ዓመቷ ማረጋገጫ ከተነፈጋት የሥራ ፈቃድ የለም፤ የሰባት ዓመት ትምህርትም የሾፌር አባቷም ተስፋ ገደል ገባ ማለት ነው።

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ከመዝገቡ ላይ አነበበ። "ስምንት ሰዓት ከዐሥር። የልብ ምት መቶ ሃያ ሁለት። ሆድ ጠንካራ። ፈሳሽ አዝዤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሜ ለማየት ወስኛለሁ።" ቀና አለ። "ለምን አልደወልሽም?"

"ውሳኔው የእኔ ነው" አለች ትንሿ ዶክተር።

ሲስተር ብድግ አለች። "ውሸቷን ነው። ልትደውል ስልኩን አንስታ ነበር፤ ቆዪ ያልኳት እኔ ነኝ። እሱን ፈርቼላት።" ወደ ነጎድጓድ አመለከተች።

"ጭራሽ ሊያላክኩብኝ ነው?" አለ ነጎድጓድ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። "ሲስተር፣ ልጅቷን እንደሚወዷት ሁላችንም እናውቃለን። ግን ምን ብለው ነበር ያስተማሩን? ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም። የት ላይ ነው የተጻፈው?"

ዳይሬክተሩ ገጹን አገላበጠ። "እዚህ የለም፣ ሲስተር። እኛ የምናየው መዝገቡን ነው።"

ሲስተር ቁጭ አለች። የልጅቷ ማረጋገጫ እንዲያዝ ተወሰነ።

ከስብሰባው በኋላ ሲስተር ትንሿን ዶክተር ጋዋኗን ስታጥፍ አገኘቻት።

"ስሜን ለምን አልጻፍሽም? አንዲት መስመር ትበቃ ነበር እኮ!"

"'ነርሷ አለችኝ ብላችሁ አትጻፉ' ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለች ልጅቷ፤ በንዴት አልነበረም። ይህ ነው ሲስተርን የጎዳት። በንዴት ብትለው ይሻላት ነበር።

ልጅቷ ሄደች። ስልኳን አታነሳም። ሲስተር 'ቆዪ' ማለቷን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጽፋ፣ ፈርማ ለዳይሬክተሩ ቢሮ አስገባች፤ ተቀበሉላት፣ መልስ ግን የለም። ምሳ ስትቋጥር አሁንም እጇ ሁለተኛውን ዕቃ ያነሳና መልሶ ያስቀምጣል።

በዓመቱ አዲሶቹ መጡ። አራተኛው አልጋ አጠገብ አቆመቻቸው፤ አልጋው ዛሬም ይወዛወዛል። እጅ አስያዘቻቸው፣ አንድ ደቂቃ አስቆጠረቻቸው። ከዚያ የኪስ ደብተራቸውን እንዲያወጡ አዘዘች።

"ከተጠራጠራችሁ ደውሉ። እኔ 'ቆዩ' ብልም ደውሉ። ካልደወላችሁ ደግሞ ያስቆየችን እሷ ናት ብላችሁ ስሜን መዝገቡ ላይ ጻፉ።"

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አንዱ ብዕሩን እንደያዘ "ምን ብለን? ሲስተር አንድ ደቂቃ?" አለ።

ሙሉ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ነገረቻቸው። ከዚያ ደብተራቸውን አንድ በአንድ እየተቀበለች፣ በትክክል መጻፋቸውን አየች።