የቁራኛዬ ትከሻ

የታሰርኩት የቆሰለ ሰው ስላከምኩ ነው። ሌላ ጥፋት የለብኝም። ያ ሰው ግን በጌታችን ላይ የሸፈተ ነበር።

አጥንት መጠገን የተማርኩት መዘዞ፣ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ዘንድ ነው። መምህሬና ጌታው ውል ነበራቸው። ጌታው ለተማሪዎቹ ቀለብ ይሰፍራሉ፤ መምህሬ ደግሞ ያስተማሩትን ተማሪ ሁሉ ለጌታው ጦር ይሰጣሉ። ከጌታው ወታደር በቀር ማንንም አንነካም። እኔ ነካሁ።

ወደ አንኮበር ሲወስዱኝ ቀኝ እጄን ከአንድ ግራኝ ዘበኛ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት አቆራኙኝ። ቁልቁለቱ ላይ ዝናብ ያዘን፤ ተንሸራተትኩ። ገደል እንዳልገባ ጎትቶ ሲያስቀረኝ ትከሻው ወለቀ። አንኮበር ስንደርስ ያሰሩን ፍየል ፍየል የሚሸት ጨለማ ጎጆ ውስጥ ነበር። እሱ ያቃስታል፤ እኔ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይብስበታል። ቀኝ እጄ እንደታሰረ ብቻዬን ልመልስለት አልደፈርኩም።

በማግስቱ መምህሬ መጡ። ደስ አለኝ፣ እኔ ሞኙ!

«ልጄ፣ ሽፍታው የተኛበትን ቤት ንገራቸውና ውጣ» አሉኝ። «እምቢ ካልክ የጓደኞችህ ቀለብ ይቀራል።»

«ብናገር ይገድሉታል። ታዲያ ለምን ጠገንኩት?»

ሊወጡ ዞሩ።

«እሺ፣ የዚህን ሰው ትከሻ እንኳ ይዩለት።»

«እሱ የጥበቃ ተራ የደረሰው ገባር ነው። ውላችን ወታደር ነው የሚለው።»

ዘበኛውን «ተኛ» አልኩት። እግሬን ብብቱ ውስጥ ደግፌ፣ በዚያው በተቆራኘንበት ሰንሰለት ክንዱን ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ብረቱ የእኔን አንጓ ገሸለጠው። ትከሻው ቋ አለና ገባ።

«እሰይ! እጅህ ይባረክ!» አለ ዘበኛው። መምህሬ በሩ ላይ ቆመው አዩና ሄዱ።

ሳምንታት አለፉ፤ ቤቱን አልናገር ስላልኩ እግር ብረት ታዘዘብኝ። ቀጥቅጦ እንዲያጠብቅ የታዘዘው ያው ዘበኛዬ ነበር። መዶሻውን በግራ እጁ አነሳ።

«ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ» አለ፣ ዓይኑን ሰብሮ።

«ምታ» አልኩት። «ትከሻህን ግን ቀና አድርገህ፣ እንዳይወልቅብህ።»

መታ። አጥብቆ አሰረኝ። ብረቱ ሁለት ክረምት ከረመብኝ፤ ተፈትቼም ዛሬ ድረስ አነክሳለሁ። የቀለቡ ዛቻ ዛቻ ሆኖ ቀረ፤ የመምህሬ ተማሪዎች አሁንም ቀለባቸውን እየበሉ ወደ ጦሩ ይሄዳሉ። እኔ ዘንድ የሚመጣውን በሽተኛ የማን ሰው ነህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያ የቆሰለው ሰው ይዳን አይዳን አልሰማሁም። የተኛበትን ቤት ግን ለእናንተም አልነግራችሁም።