የመጀመሪያዋ ሩብ ሰዓት

በቢቸና አካለ ወልድን የማያውቅ የለም ቢባል ውሸት ነው። ስልሳ ሰው ያህል ያውቀዋል፤ ቪዲዮ ቤቱ የሚይዘው ስልሳ ሰው ነዋ።

ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ቤቱ ተጋድሞ በስልኩ ያይ የነበረው ወጣት ሁሉ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ተመልሷል። የሚወዱት የፈረንጅ ተማሪዎች ኮሜዲ ነው። እንግሊዝኛውን የሚከተለው ጥቂት ስለሆነ አካለ ወልድ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል። እሱም እንግሊዝኛ አይችልም።

የሚችለው ሌላ ነገር ነው። ልጅ ሆኖ ሞጣ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ሊቃውንቱ መጽሐፍ ሲተረጉሙ አንዱን ቃል "አንድም" እያሉ ሦስት አራት ጊዜ ሲፈቱት ሰምቷል። ሳይጨርስ ወጣ። በኋላ ደግሞ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች እፀገነት የምትባል የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ፊልም ልታይ ገብታ ሳለ፣ ታሪክ ሁሉ ሲጀምር አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ መጨረሻው ያንን መሙላት ነው፣ መጀመሪያውን በደንብ ያየ መጨረሻውን ያውቀዋል ስትል ሰማት። ሁለቱን ትምህርት ቀላቀላቸው።

"ሰዓቱ ጮኸ" ይላል። "ልጅቱ አልነቃችም። ረፍዶባታል ማለት ነው። አንድም፣ ዕድሜዋ እየሄደ እሷ ተኝታለች። እናቷ ከታች ትጣራለች፤ አባት አልታየም። አባት የለም፤ አንድም፣ አለ ግን አይሰማም። ይኸው ጭማቂው ሸሚዟ ላይ ፈሰሰ። አሁን ያ ሸበላ ከነእድፏ ያልፋታል። የጎደላት የሚያያት ሰው ነው። በጭፈራው ቀን ያያታል። አለቀ።"

ከዚያ ወጥቶ በረንዳው ላይ ዳማ ይጫወታል። የየትኛውንም ፊልም ከሩብ ሰዓት ወዲያ ያለውን አይቶ አያውቅም። "ምን አደርግለታለሁ፣ ነገርኳችሁ እኮ" ነው መልሱ። ተሳስቶም አያውቅ።

በኅዳር መባቻ ሚስቱ አስናቀች ወደ አባቷ ቤት፣ ሞጣ ሄደች። ልብስ ሰፊ ናት። አካለ ወልድ መሄዷን ያወቀው በሁለተኛው ቀን፣ ካልሲውን ሊፈልግ ሲያጎነብስ ነው። የስፌት ማሽኑ የለም፤ ወለሉ ላይ የአራት እግሩ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ምንም አልተሰማውም። ካልሲውን አገኘ፣ አድርጎ ወጣ። ሳምንት ቆይቶ ቤቱ ዝም እንዳለ ገባው፤ ሽማግሌ ላከ።

መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን በሚኒባስ ሞጣ ገባ። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ይጠብቁታል። ደንቡ ባልም ሚስትም ነገሩን ከሥሩ ጀምረው እንዲናገሩ ነው። ይህን ሲነግሩት ልቡ አረፈ።

"ሱሪ ላሳጥር ሄድኩ" ብሎ ጀመረ። "ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላለች። ለካችኝ። አንዱ እግር ከሌላው አጠረ። ተሳስታለች ማለት ነው። አንድም፣ ተመልሼ እንድመጣ ነው።"

መሪጌታ ሳቁ። ፊቱን አጥቁሮ የተቀመጠው ወንድሟ ባምላኩ እንኳ ጥርሱን አሳየ። አስናቀች አንገቷን አላቀናችም።

"ከዚያስ፣ ልጄ?"

"ከዚያማ ተጋባን።"

"ከዚያስ?"

"ይኸው አለን።"

"ካላችሁማ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን? አሥራ አራት ዓመት ነው እኮ።"

አካለ ወልድ አሰበ። "ቆርቆሮ ቀየርን" አለ።

"እኔ ነኝ ያስቀየርኩት" አለች አስናቀች። ተራዋ ሲደርስም እንዲህ አለች፦ "እኔ ከሥሩ አልጀምርም፤ እሱ ጨርሶታል። የዛሬ ስድስት ዓመት ፅንስ ወረደብኝ። ጤና ጣቢያ ተኛሁ። በመጀመሪያው ቀን ብርቱካን ይዞ መጣ፤ ያላሳቀው በሽተኛ የለም። ከዚያ ወጣ። በአራተኛው ቀን ብቻዬን በእግሬ ስመለስ በረንዳው ላይ ዳማ ይጫወታል። 'ደህና ዋልሽ' አለኝ።"

"እውነት ነው?" አሉት መሪጌታ።

"ብርቱካኑን አስታውሳለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አስናቀች ቀጠለች፦ "አንድ ዓመት ይንገረኝ። የቱንም ይምረጥ። ምን እንደሆንን ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ከነገረኝ፣ ማሽኔን ጭኜ እመለሳለሁ።"

ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ሆነ።

ቢቸና ተመልሶ ዓመቶቹን አንድ በአንድ ሞከራቸው። ሁሉም መስከረም ላይ ይቆሙበታል። አንድ ቀን ያችን የጭማቂ ፊልም ከፍቶ፣ መጀመሪያውን ተርጉሞ፣ ሳይወጣ ተቀመጠ።

"ጋሼ አካሉ፣ ዳማው ቀረ?" አለው አንዱ።

ፊልሙ መሐል ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ሸሚዝ ታጥባለች። ሙዚቃም የለ።

"ይቺ ደሞ ከየት መጣች?"

"እናቷ ናት እኮ፣ ከታች የምትጣራዋ። አንተው ነህ የነገርከን።"

"አንድም?" አለ ሌላው ሊያሾፍበት።

"እንጃ" አለ አካለ ወልድ።

በጥር አሥራ ስድስት እነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ቆመ።

"የመረጥኩት ዘንድሮን ነው" አለ። "መስከረምና ጥቅምትን አላውቃቸውም። ከኅዳር ልጀምር። ኅዳር አሥራ ሁለት ይርጋነሽ ለክርስትና የሰፋሽላትን ቀሚስ ልትወስድ መጣች። አንድ እጅጌው አልተሰፋም፤ እንዲሁ ወሰደችው። ኅዳር ሃያ መቀስሽን ከአልጋ ሥር አገኘሁት። በታኅሣሥ ሁለት ቀን ዘነበ፤ ቆርቆሮው አላፈሰሰም። በገና ማግስት መርፌ እግሬን ወጋኝ። ከወለሉ ላይ ነው። አራቱን ምልክት ዙሪያቸውን ነው የምጠርገው።"

እንዲህ እያለ ቀን በቀን ቀጠለ። አንድም ሰው አልሳቀ። አንደኛው ሽማግሌ አንቀላፉ፤ ባምላኩ ወደ ውጭ ያያል። አስናቀች ግን ቀና ብላ ታየው ነበር።

"እኔ የሌለሁበት ነው" አለች ሲጨርስ።

"አዎ።"

"ግማሹም አልደረሰ።"

"አዎ።"

"ይኼ እርቅ ነው ወይስ ቀጠሮ?" ሲሉ ጠየቁ መሪጌታ።

አስናቀች መለሰች፦ "ቀጠሮ ነው። ጳጉሜ ሲያልቅ ይምጣ። አንድ ወር እንዳያስቀር።"

አካለ ወልድ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሞ ወጣ። መናኸሪያው ሲደርስ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆመ። ደስ አላለውም፣ አልከፋውምም። ወገቡን ያመዋል። ጥር አሥራ ስድስት፣ ወገቤን አመመኝ፣ ብሎ በልቡ ያዘው።