ሌላ ዮሐንስ

ከወገዳ ባቄላ ጭነን ወደ ንፋስ መውጫ ስንመለስ ኬላ ላይ መኪናውን አስቆሙና፣ «ዮሐንስ የምትባል ውረድ!» አሉ። ነጋዴ ስሙ ሲጠራ ገዥ የመጣ ይመስለዋል። «አቤት!» ብዬ ወረድኩ። የምትፈልጉት ሌላ ዮሐንስ ነው ብል፣ አንዱ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ነቀዝ የበላው ባቄላ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ እርጥብ ነው። እኔ ብሆን እህል አላስገባበትም። ሰው አይነቅዝም ብለው ይሆናል።

ጥግ ላይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው የት እንደገቡ አልናገርም ብለው ነው የታሰሩት። እንደ ሁሉም ሰው «የኔታ» አልኳቸው።

«ማን ትባላለህ?»

«ዮሐንስ። ጥፋቴም እሱው ነው፣ የኔታ።»

ሳቁ። «ታዲያ የመጀመሪያው አይደለህማ! መጥምቁ ዮሐንስ ሄሮድስን ገሥጾ ወህኒ ወረደ፣ አንገቱ ተቆረጠ። ወንጌላዊው ዮሐንስ ፍጥሞ ደሴት ተጋዘ። ዮሐንስ አፈወርቅን ንግሥቲቱ አሳደደችው፣ በስደት መንገድ ላይ ሞተ።»

«በደህና የወጣ የለም?»

«እስቲ ልፈልግልህ» አሉና ከበሷቸው አካፈሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሲጨንቀኝ «የኔታ፣ ተገኘ?» እላለሁ። «ታገሥ እንጂ፣ ገና እያሰብኩ ነው» ይላሉ።

አንድ ጠዋት ጠርተው ወሰዷቸው። ሲወጡ ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። አልተመለሱም። መጋዘኑ ሰፋብኝ። ሳላወራ ውዬ የማላውቅ ሰው፣ የራሴ ሳል ያስደነግጠኝ ጀመር። «ተገኘ?» ብዬ ግድግዳውን የጠየቅሁበት ቀን አለ።

በመጨረሻ መርማሪው አስጠራኝ። ሻዩን እያማሰለ፣ «አንተ እንዳልሆንክ ገብቶናል» አለ። «ግን ባዶ እጃችንን አንቀርም። ገበያችሁ ውስጥ ሌላ ዮሐንስ ካለ ጠቁምና ቤትህ ግባ።»

ነበረ። ከሱቄ ፊት ለፊት ባቄላ የሚሸጥ፣ ደንበኛዬን ከደጄ እየጠራ የሚወስድብኝ ዮሐንስ። እሱን ለማለት አፌ ተከፈተ። የየኔታ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ። መርማሪው እስክሪብቶውን አነሳ።

«አንዱ አንገቱ ተቆርጧል። አንዱ ደሴት ላይ ተግዟል። አንዱ በስደት ሞቷል። ከነዚህ ሌላ አላውቅም።»

እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ። «መልሱት» አለ።

ጋቢዬን አጣፍቼ፣ ማንም ሳይገፋኝ ቀድሜ ሄድኩ።

የተፈታሁት ብዙ ቆይቶ ነው፤ ለምን እንደታሰርኩ እንዳልተነገረኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም አልተነገረኝም። ያ ዮሐንስ ዛሬም ፊት ለፊቴ አለ። ደንበኛዬን ይጠራል፣ እሰድበዋለሁ፣ ይስቃል። ምንም አያውቅም።

ጋቢው ታጥቦ ተቀምጧል። ከእስቴም ከስማዳም የመጣ ካህን ባገኘሁ ቁጥር ስለ የኔታ እጠይቃለሁ። «የትኛው የኔታ?» ይሉኛል፤ የኔታ የሌለው ደብር የለም። መምህርን በስም መጥራት ነውር ነውና ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። ገበያው ተበትኖ ሱቁን ስዘጋ ትዝ ይሉኛል። በደህና የወጣ አንድ ዮሐንስ ተገኝቶ ነበር፤ ለሳቸው የሚነግርልኝ አጣሁ።