በጆሮ የተነበበው ሰሌዳ

ባሕር ዳር ዓይን ክሊኒክ ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ ዶክተር አዳነ አንዲት ቀጭን ዱላ ሰጡኝና ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ሰሌዳ ወሰዱኝ። ሰሌዳው ላይ ያለው አንድ ዓይነት ምልክት ነው። ሦስት ጣት አለው፤ ከላይ ትልቅ ሆኖ ወደ ታች እየወረደ ያንሳል። ጣቶቹ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይዞራሉ። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም አቅጣጫውን መናገር ይችላል። «አንቺ ጠቁሚ፣ ያሉሽን ጻፊ። ሰው ይዋሻል እንጂ ዓይን አይዋሽም» አሉኝ ዶክተር። አዲስ ነርስ ነበርሁና አመንኋቸው።

የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ከዘንዘልማ የመጡ እናት ነበሩ። አንድ ዓይናቸውን ሸፍኜ «ምን ይታይዎታል?» ብላቸው «አንቺ ትታይኛለሽ፤ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አሉኝ። ወደ ሰሌዳው እንዲያዩ ለመንኋቸው። ለሁሉም «ወደ ላይ» አሉ። ሁሉም እኮ ወደ ላይ አይደለም ብል «እንግዲያ አንቺ ደስ እንዳለሽ አድርጊው፣ ልጄ» አሉኝ። ዶክተር የጻፍሁትን አይተው ሳቁ።

ይሉኝታ ከዓይን ሞራ ባልተናነሰ እንደሚያስቸግር እያደር ገባኝ። አንዱ እኔን ላለማስቀየም ያላየውን አየሁ ይላል። ሌላው መነጽር በነጻ ይታደላል ሲባል ሰምቶ ግድግዳው ራሱ አልታይህ ይለዋል። ሁለቱንም ለመድኋቸው። መርጌታ ልሳኑን የሚያክል ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

መርጌታ የዘጌ ሰው ናቸው፤ የቅኔ መምህር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ በጀልባ ይዘዋቸው የመጡት ክሊኒኩ በዘመቻ የሚሰጠው የሞራ ቀዶ ሕክምና ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ወይዘሮዋ ገና ከመግባታቸው «እኝህ ሰው አያዩም» አሉኝ። «ባለፈው ከጀልባ ሲወርዱ መረማመጃውን ስተው ሐይቅ ገቡ። በጋቢያቸው ጎትቼ ነው ያወጣኋቸው። እኔ ባልኖር ኖሮ ለቅሷቸው ወጥቶ ነበር።»

«አዳልጦኝ ነው» አሉ መርጌታ።

በባትሪ ሳያቸው ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ አለ። ነገር ግን ሞራ ያለው ሁሉ ቀዶ አይደረግለትም ነበር። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ተራ የሚሰጠው ማየት ለተሳነው ነው። ያንን የሚለየው ደግሞ የእኔ ሰሌዳ ነው።

በዱላዬ ሰሌዳውን መታ አደረግሁ። «ወደ ቀኝ» አሉ። ደግሜ መታሁ። «ወደ ታች» አሉ። እንዲህ እያልን እኔ ራሴ ተጠግቼ የማያት የመጨረሻዋ ምልክት ድረስ አንድም ሳይስቱ ዘለቁት። «ሌላስ የለሽም?» አሉኝ።

የወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊት ዐመድ መሰለ። እኔም ግራ ገባኝ፤ እንኳን በዚያ ሞራ፣ በጤና ዓይንም እንዲህ ያነበበልኝ ሰው የለም። ድንገት አንድ ነገር ብልጭ አለልኝና ሰሌዳውን ከሚስማሩ አውርጄ ዘቅዝቄ ሰቀልሁት። መታሁ። «ወደ ቀኝ» አሉ መርጌታ በሙሉ ልብ። ምልክቱ ግን ተገልብጦ ወደ ግራ ዞሮ ነበር።

ለካ ጠዋት ሙሉ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ከፊታቸው የሚገባውን ሰው መልስ፣ ሲሳሳትም እኔ የማርመውን ያዳምጡ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ከላይ ጀምሬ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ነው የምጠቁመው። ቅኔ አንዴ ሰምቶ መያዝ ለለመደ ሰው የእኔ ሰሌዳ ምን ይከብደዋል?

«ተያዙ!» አሉ ባለቤታቸው።

«የሩቁ ለምኔ ነው?» አሉ መርጌታ ምንም ሳይደነግጡ። «ሥራዬ ከመጽሐፍ ጋር ነው። መጽሐፌን ካነበብሁ ምን ጎደለኝ?» ከጋቢያቸው ሥር ትልቅ የጸሎት መጽሐፋቸውን አወጡና ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው አይደናቀፍም። ጣታቸው መስመር ይከተላል። ገጹ ሲያልቅ ይገልጣሉ። ዶክተር አዳነ ድምፁን ሰምተው መጡ፤ ከኋላቸው ቆመው ገጹን ተከታተሉ። «ያነባሉ እኮ! ተራውን ለሌላ ሰው ስጪው» ብለውኝ ወጡ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወንበር ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። «እንግዲህ ሐይቁ ይውሰዳቸው» አሉ። አሳዘኑኝ። ደግሞም ተናድጄ ነበር፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መሞኘት አልፈለግሁም።

ቦርሳዬ ውስጥ ያው የጸሎት መጽሐፍ አለ፤ የእኔዋ ግን የኪስ ናት፣ ከመዳፍ አትበልጥም። «መርጌታ፣ እስቲ በዚችም ያንብቡልኝ» ብዬ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ ሰጠኋቸው። ዳሰሷት፤ አሸተቷት። «ይቺስ ሽቶ ሽቶ ትላለች» አሉ። እምቢ የሚሉበት ምክንያት ግን አላገኙም፤ ጀመሩ። የእኔዋ ገጽ ወዲያው አለቀች። መርጌታ አልገለጡም። የሚቀጥለውን ገጽ ቃል ሳይገልጡት አነበቡት፤ ከእሱ የሚቀጥለውንም። ከዚያ በራሳቸው መጽሐፍ ገጹ የሚያልቅበት ቃል ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው በክብር ገለጡ።

«መርጌታ፣ ያ ገጽ እኮ ካለቀ ቆየ» አልኋቸው።

መጽሐፏን ከድነው መለሱልኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ትልቁን መጽሐፋቸውን ብቻ ይዘው ስለኖሩ የቱ ቃል ላይ እንደሚገለጥ እጃቸው ያውቃል። ዓይናቸው ሥራ ከፈታ ቆይቷል፤ ጆሮና እጅ ሥራውን ደርበው ይሠሩለት ነበር።

«ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» አልሁ።

«መርፌ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይን ላይ መርፌ ይወጋሉ ሲሉ ሰማሁ። ጨለማውንስ ለምጀዋለሁ።»

«መርፌውን እኔም እፈራለሁ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሐይቁን ግን የበለጠ እፈራለሁ።»

መርጌታ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። እኔም ሮጬ ዶክተርን ጠራሁ። ነገሩን ስነግራቸው «ዓይን አይዋሽም ብዬሽ አልነበር?» አሉኝ። «ዓይናቸው መች ተናገረ? የተናገረው ጆሯቸው ነው» አልኋቸው። ያን ዕለት ከሰዓት ቀዶ ተደረገላቸው።

በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። «በድምፅሽ ትልቅ ሴትዮ መስለሽኝ ነበር። ለካ የረታችኝ ልጅ ናት!» አሉ። ቀጥለው መጽሐፋቸውን ገለጡ። ማንበብ ሲጀምሩ ግን ተንተባተቡ። ቃሉ ከአፋቸው ሊወጣ ሲል ዓይናቸው ፊደል ፊደሉን እየያዘ ያዘገያቸዋል። «አበላሻችሁኝ!» ብለው ጮኹ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ወደ ቤቴ መንገድ ስለሆነ ጀልባው ድረስ ሸኘኋቸው። ወይዘሮዋ ቀድመው ገቡና እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ። «ተዪ፣ አያለሁ» አሉ መርጌታ። አንድ እግራቸውን መረማመጃው ላይ አድርገው ቁልቁል አዩ። ከሥር ያለውን ውኃ ትንሽ ተመለከቱት። «እንዲህ ጥልቅ ነበር እንዴ?» አሉና የባለቤታቸውን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙ።

ዛሬ ከክሊኒኩ ነባሮች አንዷ ነኝ። ለአዲስ ነርሶች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። በሩን ዝጉ። ሰሌዳውን ለየሰዉ አዟዙሩት። ከሁሉ በፊት ግን በሽተኛውን እጁን ይዞ ያመጣውን ሰው ጠይቁ።