ሽማግሌው የሚወዱት ፊልም

ጽሑፍ ላይ እንኳ ደካማ ነኝ፤ ይህን የምጽፈው እኚህን ሽማግሌ መርሳት ስላቃተኝ ነው። ወደ ሾኔ ከተማ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አፍሬ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። ያረጀ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ስልካቸውን በነጭ መሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል።

ከፊት የተቀመጠችው ጨርቅ ነጋዴ፣ ገነቴ፣ ከሾፌሩ ጋር በፊልም ትከራከራለች።

«የህንድን የሚያክል የለም! ሳለቅስ ቆይቼ፣ ሲያልቅ እንደገና እከፍተዋለሁ።»

«አንቺ የማልቀሻ ሰበብ ነው የምትፈልጊው» አላት ሾፌሩ። «ፊልም ማለት ድብድብ ነው። አባባስ፣ የትኛውን ይወዳሉ?»

ሁላችንም ሳቅን። ሽማግሌው አልሳቁም።

«እኔ አንዲት አለችኝ። አጭር ናት። በየቀኑ አያታለሁ፤ አትሰለችም።»

መሐረቡን ፈተው ስልኩን ወደ እኔ አስጠጉ። ድምፅ የለውም። አንድ ወጣት ሱቅ ውስጥ ዳቦ ይደረድራል። ቀና ብሎ ወደ ካሜራው አየና እየሳቀ እጁን አወዛወዘ። ወዲያው በአውራ ጣታቸው አቆሙት።

«ጥሩ ነው» አልኩ። «ቀሪውስ?»

«ይሄ ልጄ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሳለ የሱቁ ካሜራ የቀረጸው ነው። ከዚህ ቀጥሎ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገብተው ይገድሉታል። ሙሉውን አንዴ አይቼዋለሁ።»

ክው አልኩ። ገነቴ ዞራ አፏን በእጇ ያዘች።

ሽማግሌው ስልኩን ቀስ ብለው መልሰው ጠቀለሉት።

«እዚህ ጋ ካቆምኩት ግን አይገቡም» አሉኝ።