ማረፍን የተማርኩበት ቤት

ከሐዋሳ የወጣሁት መርፌ በእጄ እንደያዝኩ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሊነጋጋ ሲል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደን መኪና ታቦር ሰፈር ካለው ቤታችን በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ፣ እኔ አንዲት ሙሽራ ቅዳሜ የምትለብሰውን ቀሚስ ጫፍ እየዘመዘምኩ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሶስና ጃኬቷን ለብሳ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ ታንቀላፋለች። ታላቅ እህቴ አበባ መጥታ ቀሚሱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ምህረት፣ አውሮፕላን ለሙሽራም አይቆምም» አለችኝ። «ሱቁን ለእኔ ትተሽ የለም እንዴ? ቀሚሱንም ተይልኝ።»

እናታችን ጸለየችልን፤ «ጌታ መንገዳችሁን ያቅና» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወዲያው ግቢውን መጥረግ ጀመረች። መኪናው ሲነሳ በመስኮት ሳያት አጎንብሳ እየጠረገች ነበር።

እኛ ቤት እንዲህ ነው። አባቴ እዚያው ሐዋሳ፣ ፒያሳ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቃችን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማሽኑ ላይ ተደፍቶ ነው የሞተው። ደም ግፊት እንዳለበት ያውቅ ነበር። «ይህን ልጨርስና ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» ይል ነበር፤ ግን ሌላ «ይህ» ሁልጊዜ ይመጣል። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «አረፉ» ሲል ሰማሁ። እኛ ቤት አረፈ የሚባለው የሞተ ሰው ብቻ ነው።

ጀርመን የጠበቀን ባለቤቴ ማርቆስ ነው። ከእኛ አራት ዓመት ቀድሞ ሄዶ በብየዳ ሥራ የሚኖር ሰው ነው። ከተማዋ ትንሽ፣ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል። ወገኖቼ፣ ብርዱን አልነግራችሁም፤ አቮካዶውን ልንገራችሁ። እኛ አገር በማዳበሪያ ሙሉ ገዝተን ለጎረቤት የምናድለው አቮካዶ እዚያ አንድ አንድ እየተባለ ይሸጣል፤ ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኛችሁ «ሃሎ» ይልና ያልፋል፤ ግቡ የሚል የለም።

ጠዋት ጠዋት ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያገለገለ የስፌት ማሽን ገዝቼ በከተማዋ ያሉ አበሾችን ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ማሽኑን ስጀምር በራችን ተንኳኳ። ከታች የሚኖሩት አከራያችን ፍራው ክራመር፣ በእኛ ወይዘሮ ክራመር፣ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሴት።

«ዛሬ እሑድ ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ አሁን ከቤተ ክርስቲያን መመለሳችን ነው» አልኩ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ።

«እሑድ ሩሄ ነው።»

ማርቆስን አየሁት። «ዕረፍት፣ ጸጥታ ማለታቸው ነው» አለኝ።

«አልደከመኝም በላቸው።»

ነገራቸው። «ደከመሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም» አሉ ሴትዮዋ። «ሃውስኦርድኑንግ ነው፣ የቤቱ ደንብ» ብለው ደረጃው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩኝ። እሑድ ሙሉ ቀን፣ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድምፅ ክልክል ነው።

«ሰው ባለማረፉ የሚከሰስበት አገር አመጣኸኝ?» አልኩት ማርቆስን በአማርኛ።

«ምን አለች?» አሉ ፍራው ክራመር።

«ደንቡ ጥሩ ነው ትላለች» አላቸው።

ማሽኑን ዘጋሁ፤ ግን አላረፍኩም፤ በእጄ መስፋት ጀመርኩ። በእጅ መስፋትን የሚከለክል ደንብ የለም። ራስ ምታቱ የጀመረኝም ያኔ ነው፤ የብርዱ ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ሐሙስ ሥራ ቦታ አንሶላ ሳጥፍ ዓይኔ ጨለመብኝና ወደቅኩ፤ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ግፊቴን ለካች፤ እንደገና ለካች። ቋንቋ እንድታግዘኝ፣ ጀርመንኛውን ከትምህርት ቤት የለመደችው ሶስና አጠገቤ ተቀምጣለች። ስለ አባቴ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። መድኃኒት ጻፈችልኝና «ቤትሽ ውስጥ የምታርፊው የት ነው?» አለችኝ።

«አልጋዬ ላይ» አልኩ።

«ሳትተኚስ?»

ሶስና ሳትጠየቅ በጀርመንኛ ቀድማኝ መለሰች። በኋላ ምን እንዳለች ስጠይቃት፣ «እማዬ አታርፍም፣ ስትበላም ቆማ ነው፣ ከተቀመጠችም ለመስፋት ነው አልኳት» አለችኝ። ልጄ እንዲህ ስትል ምንም ቅሬታ የላትም፤ ስለ አየሩ የምታወራ ነበር የምትመስለው። ከመውደቄ ይልቅ ያ አመመኝ።

የታዘዘልኝ ከክኒኑ ሌላ ቀላል ነበር። ጨው መቀነስ፣ በእግር መሄድ፣ ማታ ማታ ደግሞ አሥር ደቂቃ ምንም ሳይሠሩ ቁጭ ብሎ በቀስታ መተንፈስ። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ አሥሩ ደቂቃ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሶስና ሰዓት ያዘችልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን እየቆጠርኩ ሳለ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«እማዬ፣ እግርሽ እየሰፋ ነው።»

እውነቷን ነው። እግሬ ወለሉ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን፤ አሥሩ ደቂቃም አለቀ።

እግሬን ለማሳረፍ ሳፋ ውስጥ ሞቅ ያለ ውኃ አድርጌ መንከር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሶስና የእሷንም ጨመረች። አንድ ማታ ማርቆስ ከሥራ ደክሞ ሲገባ «ቦታ አለ?» አለና ካልሲውን አወለቀ። ስልኮቻችንን ሌላ ክፍል አስቀመጥን። ስድስት እግር በአንድ ሳፋ፤ ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም ለመወልወል አልተነሳም።

ማርቆስ፣ «እኔም እኮ እናንተ እስክትመጡ ቆሜ ነበር የምበላው» አለ። «መስኮቱ ጋ ቆሜ። ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን መቀመጥ አልቻልኩም።»

አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ተደዋውለናል። «በላህ?» እለዋለሁ፤ «በልቻለሁ» ይለኛል። ይህን ግን ነግሮኝ አያውቅም። እጁን ያዝኩት። ውኃው እስኪቀዘቅዝ አወራን።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ወንዙ ዳር በእግር እንሄዳለን። ፍራው ክራመርም ብቻቸውን ሲሄዱ አግኝተናቸው አሁን አብረውን ይሄዳሉ፤ ሶስና የአማርኛ ቁጥር ታስተምራቸዋለች። ዘጠኝ ላይ ምላሳቸው ይታሰራል። ግፊቴም እየወረደ ነው።

ለአበባ መውደቄን ደብቄያት ነበር። አንድ ቀን ስደውልላት ሱቅ ናት፤ ማሽኑ ይንጫጫል።

«አበባ፣ ምሳ በልተሻል?»

«ምሳ ምን ያደርጋል፣ ሥራ እያለ።»

«ሱቁን ዘግተሽ ግቢና ከእማዬ ጋር ብዪ። ግፊትሽንም ተለኪ።»

«ፈረንጅ አገር ሄደሽ ሰነፍሽ?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኑ ቆመ። «እንደ አባባ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«እንደ አባባ ልሆን ነበር።»

በሳምንቱ እናታችንን ይዛ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛችን ዘንድ ሄደች። የአበባ ደህና ነው፤ የእማዬ ግን ከፍ ብሎ ተገኘና መድኃኒት ጀመረች። አበባም ምሳ ሰዓት ሱቁን እየዘጋች በባጃጅ ወደ ቤት መሄድ ያዘች። እናቴን ግን እንደ እኔ አሥር ደቂቃ ቁጭ ማሰኘት ሌላ ትግል ነበር። «ጎረቤት አየኝ እኮ፣ ታማለች ይሉኛል» ትላለች። በመጨረሻ ራሷ መላ አገኘችለት። «ዝም ብዬ መቀመጥ ካለብኝ ከጌታ ጋር ልቀመጥ» አለችና ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ የጸሎት ሰዓት አደረገችው።

ባለፈው እሑድ ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩ። በረንዳው ላይ ናት።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

ሁልጊዜ «በቅርቡ» እላታለሁ። የዚያን ቀን ግን «አላውቅም፣ እማዬ። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ነው» አልኳት።

አየችኝ። «እሺ» አለች ቀስ ብላ። «እውነቱ ይሻላል።»

ወዲያው ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መጣ። «ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል» ብላ ልትነሳ ስትል፣ ከጓሮ የአበባ ድምፅ «እኔ አነሳዋለሁ፣ ተቀመጪ» አለ።

እናቴ ተቀመጠች። ስልኩን ወደ ግቢው አዞረችልኝ። አፈሩ ሲጠቁር አየሁ፤ ጠረኑ ብቻ በስልክ አይመጣም። ማርቆስና ሶስና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የቆርቆሮውን ድምፅ አብረን ሰማን። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ስልኩን አልዘጋነውም።